ዩሪያ የበዛበት ካሹ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም

የእርሻና የጓሮ ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ በጋምቤላ ክልል በአቦቦ ወረዳ 40 የካሹ ዛፎች አሉት። ዛፎቹ ስድስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ቁመታቸውና ልምላሜያቸው ያስቀናል፤ ፍሬው ግን አምና ከሁሉም ተለቅሞ አንድ ጆንያ እንኳ አልሞላም። ዘንድሮ ደግሞ «ማዳበሪያ አንሷቸው ነው፤ የሁለት ኩንታል ዩሪያ መግዣ ላኪልኝ» ብሎኛል። እኔ ቸርችል ጎዳና አጠገብ በልብስ ስፌት የምተዳደር ሰው ነኝ። ብሩን ከመላኬ በፊት የእርስዎን ሐሳብ ልስማ ብዬ አምስት ፎቶግራፎች አያይዣለሁ። (ወ. ት.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ብሩን አይላኩ። ወንድምዎ ይቀየሙኝ ይሆናል፤ ቢሆንም ስሌቱን አብረን እንሥራው። ሁለት ኩንታል ዩሪያ ለ40 ዛፍ ሲካፈል ለአንዱ 5 ኪሎ ይደርሰዋል። ከዩሪያ ክብደት 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ እያንዳንዱ ዛፍ 2 ኪሎ ከ300 ግራም ናይትሮጅን ሊቀበል ነው ማለት ነው። ካሹን ለብዙ ዘመን ስታለማ የኖረችው ህንድ ግን ለአዋቂ ዛፍ የምትመክረው በዓመት 500 ግራም ናይትሮጅን፣ 125 ግራም ፎስፌትና 125 ግራም ፖታሽ ነው። ወንድምዎ ከዚህ አራት እጥፍ ተኩል በላይ ናይትሮጅን ሊያፈሱበት ነው፤ ያውም ፎስፌቱም ፖታሹም ሳይኖር።

ፎቶግራፎቹን ደግሜ ደጋግሜ አየኋቸው። በሁለተኛው ላይ ያለው ቅጠል የሰው መዳፍ የሚሸፍን፣ ጠቁሮ የለመለመ ነው። ይህ የተራበ ዛፍ ቅጠል አይደለም። ናይትሮጅን የጎደለው ካሹ ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎቹ አስቀድመው ይገረጣሉ፣ ዕድገቱም ይቀጭጫል። በአራተኛው ፎቶግራፍ ላይ ደግሞ ነጫጭ የዩሪያ ፍሬዎች ግንዱ ሥር፣ በደረቅ መሬት ላይ እንደተበተኑ ይታያሉ። ስለዚህ ወንድምዎ ዩሪያ ሲሰጡ ቆይተዋል፤ አሁን የሚጠይቁት ጭማሪ ነው። በዚያ ሙቀት መሬት ላይ ተበትኖ የተተወ ዩሪያ እርጥበት ሲያገኝ ብዙው ወደ አሞኒያ ጋዝነት ተለውጦ በአየር ሊበተን ይችላል። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ የእርስዎ ገንዘብ ሲተን ነው። የቀረውም ቢሆን ከግንዱ ጋር ከተነካካ ቅርፊቱን ያቃጥላል።

ዋናው ነገር ግን በአምስተኛው ፎቶግራፍ ላይ ነው፤ ወንድምዎ ውበቱን ሊያሳዩ ያነሡት ይመስለኛል። ከዛፎቹ ሥር የተነሣ ነው። ቅርንጫፎቹ ከላይ ተቆላልፈው ሰማዩ አይታይም፣ መሬቱ ጥላ ብቻ ነው። በስልክ አስጠይቄዎ በዛፍና በዛፍ መካከል ያለው ርቀት 5 ሜትር መሆኑን ነግረውኛል። በዚህ ዕድሜ ይህ ጠባብ ነው። የካሹ አበባ የሚወጣው በአዲስ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ነው፤ ቀንበጡም የሚያብበው ፀሐይ ሲያገኝ ነው። ራሱን ችሎ የቆመ ዛፍ ከታች እስከ ላይ ዙሪያውን ሁሉ ያብባል። እርስ በርስ የተጠላለፉት ግን ፀሐይ የሚያገኙት በአናታቸው ብቻ ስለሆነ ሽቅብ መሽቀዳደም ይይዛሉ፤ ዩሪያው ደግሞ ሽቅድድሙን ያባብሰዋል። በዚያ ላይ በአንዱ የአበባ ዘለላ ላይ ከሚፈኩት በመቶ የሚቆጠሩ አበቦች አብዛኞቹ ወንዴ ብቻ ናቸው፤ ፍሬ የሚያስሩት ወንዴና ሴቴን አጣምረው የያዙት ጥቂቶቹ ናቸው። ዘለላው ራሱ ካነሰ ከእነዚያ ጥቂቶች የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ አምና በጆንያው አይታችሁታል።

እንግዲህ መራራው ምክር ይህ ነው፦ ከ40ው ዛፍ 20ው ይቆረጥ። አንዱን መስመር ሙሉ በሙሉ ማንሣት ሳይሆን፣ በየመስመሩ አንዱን ትቶ አንዱን፣ በቀጣዩ መስመር ደግሞ አሰላለፉን አዛንፎ መቁረጥ ነው። እንዲህ ሲሆን የቀሩት በሰያፍ 7 ሜትር ያህል ይራራቃሉ። መቆረጥ ያለባቸውን ለመምረጥ ወንድምዎ በለቀማ ጊዜ ያዩትን ያስታውሱ፤ ከሁሉም ያነሰ የሰጡት ቢሄዱ ይመረጣል፣ አሰላለፉ ትንሽ ቢዛባም ግድ የለም። ይህ እትም እጅዎ ሲገባ ሚያዝያ ነውና ጊዜው አሁን ነው፤ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ፣ የግንቦት ዝናብ ሳይገባ። ከቀሩትም የደረቁትንና መሬት የሚጎትቱትን ቅርንጫፎች ያንሡ። ስድስት ዓመት ያሳደጉትን ዛፍ መቁረጥ ልብ እንደሚያደማ አውቃለሁ። ገበሬ ዛፍ እንዲቆርጥ ከማሳመን ዩሪያ እንዲገዛ ማሳመን ይቀላል፤ በግብርና ሥራ የቆየ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ማዳበሪያው። ለፎስፌቱ ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ እንውሰድ፤ በልማድ ዳፕ የሚለው ገበሬ አይጠፋም፣ ነገር ግን የሁለቱ ይዘት አንድ አይደለም። ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ድኝ አለው። የሚፈለገውን 125 ግራም ፎስፌት ለማግኘት 330 ግራም ኤንፒኤስ ይበቃል። በዚያው 60 ግራም ያህል ናይትሮጅን አብሮ ስለሚመጣ የቀረውን 950 ግራም ዩሪያ ይሞላዋል። ፖታሽ፣ ማለትም 60 በመቶ የሆነው ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ከተገኘ 210 ግራም ይጨመርበታል። ይህ ለአንድ አዋቂ ዛፍ የዓመት ቀለብ ነው። ለ20 ዛፍ ሲደመር 19 ኪሎ ዩሪያ፣ 7 ኪሎ የማይሞላ ኤንፒኤስና 4 ኪሎ ከሩብ የማይሞላ ፖታሽ ይሆናል። ከሁለት ኩንታሉ ጋር ያነጻጽሩት።

እኔ ብሆን ግን ዘንድሮ ዩሪያውን ከዚህም በግማሽ እቀንሰው ነበር። ዛፎቹ ያለፈው ዓመት ናይትሮጅን ገና ቅጠላቸው ላይ ነው፤ ሲሳሱና ብርሃን ሲያገኙ ምን እንደሚሆኑ አይቶ በቀጣዩ ዓመት ወደ ሙሉው መጠን መመለስ ይቻላል። ኤንፒኤሱና ፖታሹ ግን አይቀነስ። በየዛፉ ከ10 እስከ 15 ኪሎ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቢታከልበት ደግሞ እሰየው ነው።

አሰጣጡ ላይ ዘግየት እንበል፤ ብዙው ብር የሚባክነው እዚህ ነውና። ማዳበሪያው ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ግማሽ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ይዞ መሬቱ ከራሰ በኋላ ይሰጣል። ሁለተኛው በመስከረም፣ ዝናቡ መቀነስ ሲጀምር ግን አፈሩ ገና ሳይደርቅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጎርፍ ጠርጎ ይወስደዋል፣ በበጋው ደግሞ ውሃ የለምና ሥሩ አይስበውም። አበባ ከታየ በኋላ ዩሪያ መስጠት ክልክል ነው ብዬ እጽፍልዎታለሁ፤ ዛፉ አበባውን ትቶ ወደ ቅጠል እንዲመለስ መጋበዝ ነው።

ቦታው ግንዱ ሥር አይደለም። ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች በብዛት ያሉት ከግንዱ እስከ 2 ሜትር ባለው ዙሪያ፣ ከአፈሩ የላይኛው ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ገመድ ከግንዱ ላይ አስረው ዙሪያውን ያስምሩ፤ በመስመሩ ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈር። ጠልቆ የሚቆፍር ሰው ሥሩን ይቆርጠዋልና ጎልማሳ ጉልበተኛ አያሰማሩበት። ማዳበሪያው በቦዩ ውስጥ እኩል ተነስንሶ ወዲያው አፈር ይለብሳል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ሙሉ ክብ አያስፈልግም፤ በላይኛው በኩል ግማሽ ጨረቃ ይበቃል፣ ውሃው ራሱ ወደ ታች ያደርስለታል። ለልኬት ሚዛን በየዛፉ መዞር የለበትም። አንድ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሱቅ ወስደው የግማሹን ዓመት ዩሪያ ያስመዝኑበት፣ የደረሰበትን ቦታ በምስማር ይጫሩት። ለኤንፒኤስም ሌላ ጣሳ። በ«እፍኝ» የሚሰጥ ማዳበሪያ እንደ ሰጪው እጅ ስፋት ነው።

በግንዱ ዙሪያ የሣር ጉዝጓዝ ማልበስ እርጥበት ይይዛል፤ ግን ከግንዱ ሁለት ስንዝር ይራቅ፣ ምስጥ ይጋብዛል። በበጋ ጉዝጓዙ ተነሥቶ በማሳው ዙሪያ ሣሩ ይመንጠር። የጋምቤላ ሣር በየበጋው እንደሚቃጠል ወንድምዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በመጪው በጋ አበባው ሲወጣ ቀርበው ይመልከቱት። የቀንበጡ ጫፍ ጠቁሮ ከደረቀ ጭማቂ የሚመጥ ተባይ አለ ማለት ነው። አበባው ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ከነጣ ሻጋታ ነው፤ በታንዛኒያ የድኝ ዱቄት የሚረጩት ለዚህ ነው። አዳዲሶቹ ቅጠሎች ጠበው፣ አንሰው፣ በደም ሥሮቻቸው መካከል ቢጫ ከሆኑ ደግሞ ዚንክ ጎድሏል፤ 50 ግራም ዚንክ ሰልፌት ከ25 ግራም ኖራ ጋር በ10 ሊትር ውሃ በጥብጦ ቅጠሉ ላይ መርጨት ነው። ከሦስቱ አንዱንም ዩሪያ አያድነውም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስድስት ኪሎ የምማር ተማሪ ነኝ። ከሱፐርማርኬት የገዛሁትን ካሹ በቆርቆሮ ተክዬ በየሳምንቱ ውሃና ትንሽ ዩሪያ እሰጠዋለሁ። አንዱም አልበቀለም። ምን ዓይነት ማዳበሪያ ልጨምር? (መ.፣ ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ምንም። ልጄ፣ የተከልኸው የሞተ ነገር ነው። በሱፐርማርኬት የሚሸጠው ካሹ ቅርፊቱ የወለቀ፣ ለመፈልፈል ሲባል በእንፋሎት ወይም በቁላት ሙቀት ያለፈ ነው። «ጥሬ» የሚል ጽሑፍ ያለበትም ቢሆን ያው ነው። ዩሪያው ቆርቆሮው ውስጥ ጨው ሆኖ ተከማችቷልና አፈሩን ለውጠህ ጎመን ዝራበት።

ሕያው ዘር ብታገኝም አዲስ አበባ ላይ ፍሬ አታይም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ ካሹ የሚወደው ከ1,000 ሜትር በታች ያለውን ቆላ፣ በአማካይ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት፣ ውሃ የማይቋጥር አሸዋማ አፈርና ለአበባው ረጅም ደረቅ ወራት ነው። ትውልዱ የብራዚል ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ወደ ህንድና ወደ ሞዛምቢክ ያመጡት በ16ኛው መቶ ዘመን ፖርቱጋሎች ናቸው። የኅዳርን ሌሊት ብርድ መስኮትህ ላይ ሆኖ አይችለውም።

ዘመዱን ማየት ከፈለግህ ግን ሩቅ አትሂድ። በየግቢውና በየመንገዱ ዳር ቅርንጫፉን ቁልቁል አንጠልጥሎ ቀይ ጥቃቅን ፍሬ የሚያፈራው ዛፍ፣ ቁንዶ በርበሬ የምንለው፣ የካሹ ቤተሰብ ነው። ማንጎም እንደዚሁ። የቁንዶ በርበሬን ቅጠል በጣትህ ጨፍልቀህ ስታሸት የሚወጣው ሙጫና ሽታ የዚህ ቤተሰብ ምልክት ነው።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ቡና አፍልቼ እሸጣለሁ። በየቀኑ አንድ ባልዲ የቡና አተላና የከሰል አመድ እጥላለሁ። የባለቤቴ ቤተሰቦች ፓዌ ካሹና ማንጎ አላቸው። በጆንያ አድርጌ በአውቶቡስ ብልክላቸው ማዳበሪያ ይሆናል? (የቡና ነጋዴዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሐሳብሽ ደግ ነው፤ የጭነቱ ሒሳብ ግን ከጥቅሙ ይበልጣል። አተላ በደረቁ ሲመዘን ናይትሮጅኑ 2 በመቶ ገደማ ነው፤ እሱም ቀስ ብሎ እንጂ ወዲያው አይለቀቅም። አንድ ኪሎ ዩሪያ ያለውን ለማግኘት ከ20 ኪሎ በላይ ደረቅ አተላ መጫን ሊኖርብሽ ነው። ለጎረቤት ጓሮ ስጪው፤ ከቅጠልና ከአትክልት ልጣጭ ጋር ተቆልሎ ሲበሰብስ ጥሩ ብስባሽ ይወጣዋል።

አመዱ የተሻለ ጉዳይ ነው፣ ነገር ግን ፓዌ አመድ ጠፍቶ አያውቅም። ቤተሰቦቹ ከራሳቸው ምድጃ ንጹሕ የእንጨት አመድ ያጠራቅሙ። አመድ ፖታሽ አለው፤ ፖታሽ መግዛት ለማይችል ገበሬ ለአንድ አዋቂ ዛፍ በዓመት ሁለት ኪሎ ያህል በቦዩ ውስጥ መስጠት ዋጋ አለው። ዝናብ በሚበዛበት አገር አፈሩ ወደ አሲዳማነት ስለሚያዘነብል አመዱ ያንንም ያለዝባል። ካሹ ራሱ መጠነኛ አሲድነት አያስጨንቀውምና ከዚያ በላይ መደፋት የለበትም።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ፦ አመድን ከዩሪያ ወይም ከትኩስ ፍግ ጋር ቀላቅለው እንዳይሰጡ ንገሪያቸው። ሲገናኙ ናይትሮጅኑ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ይበናል። አመዱ ቀድሞ ይግባ፣ ዩሪያው ከሳምንታት በኋላ ይከተል። ፕላስቲክ፣ ባትሪ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት የተቃጠለበት አመድ ደግሞ ጨርሶ እርሻ አይግባ።

ጥያቄ፦ ዘመዴ ከቆላ አገር 10 ኪሎ ያልተፈለፈለ ካሹ አምጥቶልኛል። ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ አንዱን በጥርሴ ልሰብር ስል ባለቤቴ ከለከለችኝ። ምጣድ ላይ ቆልቼ ልፈልፍለው ወይስ ለዘር ልመልስለት? (ነጋዴ፣ ከመርካቶ)

መልስ፦ ባለቤትዎን ያመስግኑልኝ። በካሹ ቅርፊት ሁለት ንጣፎች መካከል ቆዳ የሚያቃጥል ጥቁር ዘይት አለ። በጥርስዎ ሰብረውት ቢሆን ከንፈርዎ አብጦ ውሃ በቋጠረ ነበር። ምጣድ ላይ ሲቆሉት ዘይቱ ይፈነጥቃል፣ ይቀጣጠላል፤ ጢሱም ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። በጠባብ ወጥ ቤት፣ ልጆች ባሉበት ቤት፣ አይታሰብም። በፋብሪካ እንኳ ጓንት አጥልቀው ወይም እጃቸውን ዘይት ቀብተው ነው የሚፈለፍሉት። እጅዎን ነክቶት ከሆነ ቶሎ በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠቡ፤ ውሃ ከቋጠረ ሐኪም ይየው። ደግሞስ ከ10 ኪሎው የሚወጣው የሚበላ ፍሬ ሩብ ያህሉ ነው፤ ለሁለት ኪሎ ተኩል ይህን ሁሉ?

ለዘር ይመለስ። የዘንድሮ ፍሬ ከሆነ ብቻ ነው፤ ካሹ ከዓመት በላይ ሲቀመጥ የመብቀል ኃይሉ ይደክማል። እስከ መትከያው ጊዜ በጆንያ፣ ነፋስ በሚገባበት ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ አይታፈን። ሊተከል ሲል ባልዲ ውሃ ውስጥ ይጨመር፦ የሰመጠው ይወሰዳል፣ የተንሳፈፈው ይጣላል። የሰመጠው አንድ ወይም ሁለት ቀን ውሃው ውስጥ ይደር። ከዚያ ከፍሬው ጋር የተያያዘበት ጠባሳ ወደ ላይ ሆኖ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀበር።

ዘመድዎ ጉድጓዱን በወርድም በርዝመትም በጥልቀትም 60 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ይቆፍር፤ የላይኛውን አፈር ከ10 ኪሎ የበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅሎ ይሙላው። ጉድጓዱ ውስጥ ዩሪያ አይጨመር፤ ለጋውን ሥር ይፈጀዋል። ችግኙ ከያዘ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት የአዋቂውን ዛፍ አንድ አምስተኛ ይስጠው፦ 190 ግራም ዩሪያና 65 ግራም ኤንፒኤስ፣ ለሁለት ተከፍሎ፣ ከግንዱ ሁለት ስንዝር ርቆ። በየዓመቱ አንድ አንድ አምስተኛ እየጨመረ በአምስተኛው ዓመት ሙሉው መጠን ላይ ይደርሳል። በዛፍና በዛፍ መካከል ደግሞ 8 ሜትር ይተው። ባዶ መሬት አስቀመጥህ የሚለው ጎረቤት አይጠፋምና መሬቱ እስኪሸፈን ኦቾሎኒ ወይም ማሾ ይዝራበት።